ከጎሬ እስከ ጅማ፤ የአንድ ቀን መንገድና የቡና ንግድ አቅጣጫ

ከጎሬ ተነሥቶ በመቱ፣ በያዮ፣ በበደሌና በአጋሮ አልፎ ጅማ የሚገባው መንገድ ርዝመቱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጎሕ ሲቀድ ከጎሬ የተሳፈረ መንገደኛ፣ ጭቃ ካልያዘው ወይም መኪናው ካልተበላሸበት በቀር፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከጅማ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ያለፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ አገሩ ልምላሜ ነው፤ ልምላሜውም በእርግጥ የሚያስወራ ነው። ዳሩ ግን መንገዱን በታሪክ ዓይን ለሚመለከት ሰው አንድ ጥያቄ ይነሣበታል። በሁለቱ ከተሞች ዙሪያ አፈሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው፤ ገበሬው ለገበያ የሚያወጣውም ያው ቡና ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ጎሬ የእንግሊዝ ቆንስል የተቀመጠባት፣ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መጋዘን የያዙባት ከተማ ነበረች። ዛሬ ጅማ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ታላላቅ ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ጎሬ ግን አነስተኛ ከተማ ሆና ቀርታለች። የዚህን ልዩነት ምክንያት ከመሬቱ ለምነት ወይም ከሕዝቡ ትጋት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ የሚገኘው፣ ቡና የጫነው አጋሰስ ፊቱን ወደየት መልሶ ይጓዝ ነበር ከሚለው ነገር ላይ ነው።

መንገደኛው በዚህ አንድ ቀን ውስጥ ሦስት የውኃ ተፋሰሶችን ያቋርጣል። በመቱና በያዮ አካባቢ ያሉት ሶርና ገባ ወደ ባሮ የሚወርዱ ናቸው። ከበደሌ ወዲያ የሚሻገረው ዴዴሳ የዓባይ ገባር ነው። ጅማን መካከል ለመካከል የሚያቋርጠው አዌቱ ደግሞ ወደ ግልገል ግቤ፣ ከዚያም ከግቤ ጋር ወደ ኦሞ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። የአገሩም ንግድ እንዲሁ በተለያየ ዘመን ወደ ሦስት ወገን ሄዷል፤ በመጀመሪያ ወደ ሰሜን፣ ቀጥሎ ከፊሉ ወደ ምዕራብ፣ በመጨረሻም ጠቅላላው ወደ ምሥራቅ። የውኃውና የንግዱ መንገድ የተገጣጠሙት ግን በባሮ ላይ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ከመነሻችን ከጎሬ እንጀምር። ጎሬ በምኒልክ ዘመነ መንግሥት የኢሉባቦር ገዥ የነበሩት፣ በኋላም ራስ የተባሉት፣ የተሰማ ናደው መቀመጫ በመሆን የታወቀች ከተማ ናት። ደጃዝማች ተሰማ በ1890 ዓ.ም. ከፈረንሳይና ከሩሲያ መልእክተኞች ጋር ሠራዊታቸውን ይዘው ቆላውን አቋርጠው ነጭ ዓባይ ድረስ እንደ ወረዱና ባንዲራ እንዳስተከሉ የታወቀ ነው። ከዚህ ዘመቻ በፖለቲካ ረገድ የተገኘ ዘላቂ ፍሬ የለም፤ የጎሬ ሰው ዓይን ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ምዕራብ ቀረ ማለት ይቻላል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው የድንበር ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አካባቢ የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለእንግሊዝ በኪራይ ተሰጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሱዳን መንግሥት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እስከ ጋምቤላ ይመላለሱ ጀመር። በዚህ ሁኔታ ጎሬ ባሕር ሳይኖራት የወደብ ደጅ ሆነች።

የዚህ ንግድ አሠራር ለማስተዋል የሚገባ ነው። ቡና የሚለቀመውና ጀንፈሉ የሚደርቀው በበጋ ነው፤ አጋሰስም ገደሉን ወርዶ ጋምቤላ ለመድረስ የሚችለው በበጋ ነው። ባሮ ግን መርከብ የሚሸከመው ክረምት ሲገባና ውኃው ሲሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ ቡናው ከጎሬ በቡሬ በኩል በደረቁ ወራት ወርዶ፣ በጋምቤላ ሙቀት ውስጥ በመጋዘን ተከማችቶ፣ ውኃው እስኪሞላ ወራት ይጠብቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከካርቱም የሚመጣው የጨው፣ የአቡጀዲና የልዩ ልዩ ዕቃ ዋጋ፣ በዓለም ገበያም የቡና ዋጋ፣ ሊለዋወጥ ይችላል። ይህን ጥርጥር ችሎ ለመጠበቅ ገንዘብ ያለው ሰው ያስፈልግ ነበርና፣ ጥቅሙ በብዛት የደረሰው ለጥቂት ባለ ካፒታል የውጭ አገር ነጋዴዎችና ለገዥዎቹ ነበር። የገዥውን ቡና ተሸክሞ ወይም በቅሎውን አቅርቦ የሚያወርደው ገባሩ ነው። የገባር ሥርዓት ከግብሩ ሌላ የጉልበት ግዴታ እንደ ነበረበት ማንም ያውቃል፤ በምዕራቡ ወገን ያ ጉልበት ወደ ጋምቤላ በሚወርደው ጭነት ላይ ይውል ነበር። ስለ ባሮ መርከቦች የጻፉ የአውሮፓ ሰዎች ስለ ሙቀቱና ስለ ትንኙ ብዙ ገጽ ሲጽፉ፣ ከደጋ ወርዶ በወባ ስለሚታመመው ተሸካሚ የጻፉት እጅግ ጥቂት መሆኑ አሳዛኝ ነው።

ጎሬ ለአጭር ጊዜ የመንግሥት መቀመጫም ሆና ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ወደ ውጭ ከወጡ በኋላ የቀረው መንግሥት በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መሪነት በዚያ ተቋቋመ። ጎሬ ለዚህ የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ባቡሩና አዲስ አበባ በጠላት ከተያዙ በኋላ ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኝ የቀረ በር ጋምቤላ ብቻ ነበረና። ራስ እምሩም ወደዚያው መጥተዋል። በዚሁ ጊዜ ከምዕራብ ኦሮሞ መሳፍንት አንዳንዶቹ በጎሬው ቆንስል በኩል የእንግሊዝን ጥበቃ ለመጠየቅ ጽሑፍ ማቅረባቸውም የታወቀ ነው። ስለዚህ ነገር ዛሬም ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ አንደኛው ወገን ክህደት ሲለው ሌላው ወገን የተገዥ ሕዝብ ድምፅ ይለዋል። የገባሩን ሸክም ከዚህ በላይ ያየ አንባቢ ግን ጥያቄው ከባዶ እንዳልተነሣ ሳይረዳ አይቀርም። ጣልያን በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. ጎሬን ያዘ፤ ራስ እምሩም ታኅሣሥ 9 ቀን በዚያው ዓመት ከጅማ በስተደቡብ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ።

ከጎሬ መቱ ቅርብ ነው። በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ወደ መቱ ተዛውሮ የጎሬ ማዕረግ በይፋ ቀረ፤ ነገር ግን የከተማይቱ መዳከም ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ የጀመረ ነበር። ከመቱ በኋላ ሁሩሙ፣ ከሁሩሙም በኋላ ያዮ ይገኛል። የያዮ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወታዊ ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ ጫካ ውስጥ ቡና ሳይተከል በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ ይበቅላል። «በራሱ» ሲባል ግን ቃሉን በጥንቃቄ መያዝ ያሻል። ገበሬው በየዓመቱ ቁጥቋጦውን ይመነጥራል፣ የቡናውን ጥላ ይለካል፣ የሞተውን ግንድ ያነሣል፤ ከአባቱ የወረሰውንም የጫካ ድርሻ ከጎረቤቱ ድርሻ በዛፍና በጅረት ለይቶ ያውቃል። ለእንግዳ ዱር የሚመስለው ለባለቤቱ ጓሮ ነው። መንግሥታት በየዘመናቸው ይህን ጫካ ጠፍ መሬት እያሉ መመዝገባቸው ከዚሁ የዓይን ስሕተት የመጣ ይመስለኛል።

ገባን ተሻግሮ ወደ በደሌ የሚወጣው መንገድ ረጅም ነው፤ ስለ እርሱ የምለው ብዙ የለኝም። በደሌ ግን መስቀለኛ ከተማ ናት። ከመቱ፣ ከነቀምትና ከጅማ የሚመጡት ሦስቱ መንገዶች እዚያ ይገናኛሉ። ዛሬ ብዙ ሰው ስሟን የሚያውቀው በ1985 ዓ.ም. በተቋቋመው የቢራ ፋብሪካ ነው፤ ለቡና ታሪክ ግን በደሌ ሌላ ትርጉም አላት። ከኢሉባቦር የመጣ የጭነት መኪና በነቀምት ዞሮ ወይስ በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይሂድ የሚለው የሚወሰነው እዚህ ነው። ሁለቱም መንገድ ግን መጨረሻው አዲስ አበባ ነው። ሾፌሩ ፊቱን ወደ ጋምቤላ የሚመልስበት ምክንያት የለውም፤ ይህ ነገር ለሾፌሩ በጣም ግልጽ ስለሆነ ሌላ ዓይነት ዘመን እንደ ነበረ እንኳ አያስብም።

ምዕራባዊው በር የተዘጋው በአንድ ቀን አይደለም። የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የምሥራቁ መንገድ አጠረ። ጣልያኖች በአምስት ዓመት ቆይታቸው መንገዶችን ሁሉ ከአዲስ አበባ እንደ ጨረር ዘርግተው ሲያወጡ፣ አንዱን ዋና መንገድ ወደ ጅማ፣ ሌላውን ወደ ነቀምት አደረጉ። መንገዱን የሠሩት ለሠራዊታቸውና ለቅኝ ግዛት ሐሳባቸው ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ግን የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ ወረሰው። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በተቋቋመ ጊዜ፣ ሥራው የተመሠረተው አስቀድሞ በተዘረጋው በዚሁ መልክ ላይ ነው። በነሐሴ ወር 1947 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ወታደሮች ዐመፅ ተነሣ፤ ሱዳንም በ1948 ዓ.ም. ነጻ ወጣች፤ የጋምቤላው ጣቢያ ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የአገር መሬት መመለሱ ደስታ ነበር። ነገር ግን ጣቢያው በተመለሰ ጊዜ ንግዱ ከእርሱ ሸሽቶ ነበር።

ከበደሌ በኋላ መንገዱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፎ በደምቢ በኩል ወደ ዴዴሳ ይወርዳል። የዴዴሳ ሸለቆ ሞቃት ነው፤ ወባውም የጥንት ነው። በስተደቡቡ ያለው አገር የቀድሞው የጉማ መንግሥት ነበር። እዚህ ላይ ከጎሬ የመጣው መንገደኛ ሳያውቀው ወደ ሌላ የታሪክ ክፍል ይገባል። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በግቤ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ተመሥርተው ነበር፤ እነርሱም ሊሙ ኢናርያ፣ ጅማ፣ ጌራ፣ ጎማና ጉማ ናቸው። ከዴዴሳ ወዲህ ያሉ ከተሞችን ለመረዳት መነሻው የምኒልክ ሠራዊት መምጣት ሳይሆን የእነዚህ መንግሥታት ገበያ ነው። ጎሬ የተከተመችው ለገዥ መቀመጫ ሲሆን፣ ጅማ ግን አስቀድማ ገበያ ነበረች።

ወደ አጋሮ ሲቃረቡ የመንገዱ ግራና ቀኝ ቡና ብቻ ይሆናል። አጋሮ የጎማ አገር ከተማ ናት፤ ጎማ ከአምስቱ መንግሥታት በስፋቱ ትንሽ ይሁን እንጂ ሕዝቡ የበዛ፣ እስልምናም ቀድሞ የተስፋፋበት አገር ነው። በዚሁ በጎማ ጮጬ የሚባል ቦታ አለ። የአገሩ ሰዎች ቡና በመጀመሪያ የታወቀው እዚያ ነው ይላሉ፤ የከፋ ሰዎች ደግሞ ይህን ክብር ለከፋ ይሰጣሉ፤ የቡና ሙዚየምም በቦንጋ ተሠርቷል። ፍየሎቹ ቡና በልተው ሲዘሉ ስላየው እረኛ የሚነገረው ታሪክ ግን በጽሑፍ መጀመሪያ የተገኘው በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በታተመ የላቲን መጽሐፍ ነው፤ ጸሐፊው ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ መምህር ሲሆን፣ እረኛውን ካልዲ ብሎ አልጠራውም፤ ነገሩንም በየመን ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ይህን ተረት ይዞ በጮጬና በቦንጋ መካከል መሟገት የማይረባ ነው። በሥነ ዕፅዋት ረገድ የዐረቢካ ቡና መገኛ ይህ የደቡብ ምዕራብ ጫካ መሆኑ በቂ ክብር ይመስለኛል።

ይልቁንስ በአጋሮ ቆሞ ሊታሰብ የሚገባው በመንገዱ ላይ የማትታየው ሠቃ ናት። ሠቃ የሊሙ ኢናርያ ንጉሥ የአባ ባጊቦ ዋና የገበያ ከተማ ነበረች። አባ ባጊቦ ከ1817 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያህል ነገሠ። በ1843 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ሠቃ ሲደርስ፣ ነጋዴዎች ከጎጃምና ከጎንደር መጥተው እዚያ ከትመው አገኘ። ከሠቃ የተነሣ ቅፍለት ግቤንና ዓባይን ተሻግሮ በደቡብ ጎጃም ወደሚገኘው የባሶ ገበያ፣ ከዚያም በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ይጓዛል። በዚያን ጊዜ የኢናርያን ስም በሩቅ አገር ያስጠራው ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ባሪያ ነበር። ቡናም ይሄድ ነበር፤ ነገር ግን በክብደቱ ልክ ዋጋ የማያወጣ ዕቃ ስለሆነ ያን ሁሉ መንገድ ለመጓዝ ከዝባድ ጋር ሊወዳደር አይችልም። የንግዱ የመጀመሪያ ፊት ወደ ሰሜን የነበረው በዚህ ዘመን ነው።

ሠቃን ያደከማት አንዱ ነገር የጎረቤቷ የጅማ መስፋፋት ነው። የመጀመሪያው አባ ጅፋር ከ1822 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ጅማን አንድ አድርጎ ከገዛ በኋላ፣ በ1840 ዓ.ም. ግድም ባዲ ፎላ የተባለውን ተራራማ አገር ያዘ። ይህ ቦታ ከኢናርያ ወደ ሸዋ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ሸዋ የሚሄድ ነጋዴ የጅማን ንጉሥ ደስ ሳያሰኝ ለማለፍ አልቻለም። ሸዋ ኃይሏ እየበረታ፣ የጎንደርም ገበያ እየደከመ ሲሄድ፣ ይህ የተራራ በር ከሠቃ ገበያ ይልቅ የሚጠቅም ሆነ።

ከአጋሮ ጅማ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ የበን የመሰሉ ከተሞችና ያልተቋረጠ የቡና መስክ ይታያሉ። ሁለት መንግሥታት በዚህ አጭር መንገድ መካከል ተለያይተው ይኖሩ እንደ ነበር ማመን ያስቸግራል። በአምስቱ መንግሥታት ዘመን በየድንበሩ «ሞጋ» የሚባል፣ ሰው የማይሰፍርበት ክፍት መሬት ይተው ነበር፤ መግቢያውም በ«ኬላ» ይጠበቃል። ነጋዴ በኬላው ላይ ይመረመራል፤ ቀረጥ ይከፍላል፤ ያለ ፈቃድ ግን አይገባም፤ አይወጣምም። ኬላ የሚለው ቃል በአማርኛም በኦሮምኛም ያለ ነው፤ ነገሩም ከመንግሥታቱ ጋር አልሞተም። በደርግ ዘመን ቡና ያለ ፈቃድ ከክፍለ ሀገሩ እንዳይወጣ፣ ገበሬውም የተመደበበትን ኮታ በተወሰነ ዋጋ ለመንግሥት ድርጅት እንዲያስረክብ በተደረገ ጊዜ፣ በየመንገዱ የቆመው የቡና መቆጣጠሪያ የተጠራው በዚሁ ስም ነው። በአባ ባጊቦ ዘመን የነበረ ነጋዴ ቢነሣ ከሁሉ ነገር ይህን አንዱን ሳይጠይቅ ያውቀው ነበር።

ጅማ ሲገባ ቀኑ መሽቷል። ከተማይቱ ያደገችበት ቦታ ጥንት ሂርማታ የሚባል የሐሙስ ገበያ ነበር፤ የንጉሡ ማሳራ ያለው ግን ከገበያው ራቅ ብሎ በጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። ሁለተኛው አባ ጅፋር በ1870 ዓ.ም. ሲነግሥ ገና ወጣት ነበር። በ1874 ዓ.ም. የሸዋ ሠራዊት በራስ ጎበና አዝማችነት የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን እምባቦ ላይ ድል ባደረገ ጊዜ፣ የግቤ አገር ወደ ሸዋ እጅ መግባቱ የማይቀር ሆነ። ከሌሎቹ መንግሥታት አብዛኞቹ በጦር ተያዙ። አባ ጅፋር ግን፣ በአገሩ እንደሚነገረው እናቱ ጉሚቲ መክረውት፣ ለምኒልክ ገበረ። በየዓመቱ ብዙ ግብር ይከፍላል፤ በምትኩ የውስጥ አስተዳደሩ ለእርሱ ይቀራል፤ በአገሩም ሠራዊት አይሰፍርም። ይህ ስምምነት ለሃምሳ ዓመት ያህል ቆየ።

የጅማን ታላቅነት ያመጣው ከሁሉ በላይ ይህ ሰላም ነው እላለሁ። ጎማና ጉማ፣ ጌራና ከፋ በጦርነት ሲፈርሱ፣ በኢሉባቦርም ገባሩ ለመልከኛ ሲከፋፈል፣ ጅማ ውስጥ ነጋዴው ማን እንደሚያስከፍለውና ምን ያህል እንደሚያስከፍለው ያውቅ ነበር። ንጉሡ ከሰሜን የመጡ እስላም ነጋዴዎችን እየጠራ በግዛቱ ያሰፍር ነበር፤ መንደራ የሚባለው የከተማው ሠፈር ስሙ ከዚያ ዘመን የወረደ ነው። በዚህ ምክንያት ባቡሩ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ ምሥራቁን መንገድ የሚያውቅ የነጋዴ ወገን ጅማ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ጎሬ ይህን የመሰለ ነባር ነጋዴ አልነበራትም። መጋዘኖቿን የያዙት የውጭ አገር ሰዎች ስለ ነበሩ፣ የባሮ ንግድ ሲነጥፍ እነርሱም ነቅለው ሄዱ።

ነገር ግን የዚህን ሰላም ዋጋ የከፈለው ማን እንደ ሆነ ሳይነገር ቢቀር ጽሑፌ ግማሽ ይሆናል። ሂርማታ የቡና ገበያ ከመሆኑ በፊት የባሪያ ገበያም ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ በጦርነትና በፈንገላ የተያዙ ሰዎች ወደ ጅማ ይነዱ ነበር፤ ከፊሉ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ይሸጣል፤ ከፊሉም በዚያው ቀርቶ የባላባቱን መሬት ያርሳል። ኢትዮጵያ በመስከረም ወር 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በዚያው ዓመት ባሪያን ነጻ የሚያወጣ ደንብ ወጣ፤ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው። በጅማ አካባቢ ቡና በብዛት እየተተከለ የሄደው የባሪያ ንግድ እየጠበበ በሄደባቸው በእነዚያው ዓመታት መሆኑ ድንገተኛ ነገር አይመስለኝም። ሀብቱን ከሰው ንግድ ያገኝ የነበረው ወገን ፊቱን ወደ መሬትና ወደ ቡና መለሰ፤ ቡናውን የኰተኰተውም ጉልበት፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ትውልድ፣ በከፊል ያው ትናንት የተገዛው ጉልበት ነበር። ዛሬ «ጅማ» ሲባል በሰው አሳብ ወዲያው የሚመጣው ቡና ነው፤ በከተማው አደባባይም የሚታየው ጀበና ነው። ከጅሬን ማሳራ እንግዳ የሚጎበኘው የንጉሡን አዳራሽና ሰገነት ነው። በዚያው ኮረብታ ሥር ተነድተው ስላለፉት ሰዎች የሚናገር ምልክት የለም፤ የልጅ ልጆቻቸውም በብዙ ቦታ ስለ ትውልዳቸው ሲጠየቁ ዝም ማለትን ይመርጣሉ። ይህን ዝምታ ታሪክ ጸሐፊ ሊጥሰው የሚገባው በጥንቃቄ ነው፤ አልፎት መሄድ ግን አይፈቀድለትም።

የቀረውን በአጭሩ ልናገር። የጅማ ራስ ገዝነት በ1924 ዓ.ም. ቀርቶ አገሩ ከማዕከላዊው መንግሥት በቀጥታ ይተዳደር ጀመር። ጣልያኖች ጅማን የጋላና ሲዳሞ ብለው የሰየሙት ግዛት ዋና ከተማ አድርገው አዲስ ፕላን አወጡላት፤ ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ቀጥሎ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች፤ በ1945 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተባት፤ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅም የመጀመሪያ ትምህርቱን የሰጠው እዚሁ ነው። በሐምሌ ወር 1945 ዓ.ም. በብራዚል የቡና እርሻ ላይ ውርጭ ወርዶ በሚቀጥለው ዓመት የዓለም ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ ትርፉ እስከ አጋሮ ድረስ ተሰማ። በለቀማ ወራት ከሸዋ፣ ከጎጃምና ከወሎ፣ ከዳውሮና ከከምባታም፣ የቀን ሠራተኛው ወደ ጅማ ይጎርፍ ነበር። ጫካውን ለማስመዝገብና ባለ ርስት ለመሆን የሚሽቀዳደመው ሹምና ነጋዴም እንደዚሁ ነበር፤ ብዙ ነባር ገበሬ የአባቱን ቡና ጭሰኛ ሆኖ የለቀመው በዚህ ዘመን ነው። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ይህን ሁኔታ ሽሮታል። ከዚያ አራት ዓመት ግድም ቀደም ብሎ፣ በ1963 ዓ.ም.፣ የቡና ፍሬ የሚያደርቅ በሽታ በአገሩ ታይቶ ነበር፤ በአጋሮ መንገድ ላይ በሚገኘው በመልኮ የምርምር ጣቢያ የሠሩ ሰዎች በሽታውን የሚቋቋም ዘር የመረጡት ከዚሁ ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ ቡና መካከል ነው። ከያዮ ጀምሮ መንገደኛው በግራና በቀኝ ሲያየው የዋለው ጫካ ለአትክልት ሠሪው ባንክ ነው ለማለት ይቻላል።

ማታ ጅማ ውስጥ ያደረ ሰው ቡና የጫኑ መኪናዎች ወደ አዲስ አበባ ሲነሡ ይሰማል። ጥቂት እንደ ሄዱ በ1996 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የግልገል ግቤ ግድብ በፈጠረው ሐይቅ አጠገብ ያልፋሉ፤ ከዚያም ዋናውን ግቤን ተሻግረው ወደ ወልቂጤ ይወጣሉ። ከእነርሱ አንዳንዱ ጭነት ከጎሬ ማዶ፣ ከቡሬ አካባቢ የተለቀመ ነው። ያ ቡና ከተለቀመበት ጓሮ እስከ ጋምቤላ ያለው ርቀት እስከ ጅማ ካለው በግማሽ ሳይቀር ያንሳል፤ እስከ ጅቡቲ ካለውማ ከነጭራሹ አይነጻጸርም። ባሮ በየክረምቱ እንደ ጥንቱ ይሞላል።